የደከመችው የብርሃን መስመር

ተማሪዎቼ ሴሚኮንዳክተር ውስጥ የገባ ባዕድ አተም በምን ይለያል ብለው ሲጠይቁኝ፣ ብርሃኑ ሲደክም በማየት ነው እላቸዋለሁ። ከዚያ ጠመኔውን አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የቀረውን የረሳሁት ይመስላቸዋል።

ባሕር ማዶ ስማር ሥራዬ ይኸው ነበር። የሴሚኮንዳክተሯን ክሪስታል ክፉኛ አቀዝቅዘን ሌዘር ስናበራባት የራሷን ብርሃን ትሰጣለች። በብርሃኗ መካከል ምን እንደፈጠራት ያልታወቀ አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች። የብር ትሁን የመዳብ ለማወቅ ራዲዮአክቲቭ የሆኑ የብር አተሞች አስገባንባት። እነዚህ አተሞች በሳምንት ገደማ ግማሾቹ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣሉ፤ መስመሯም በዚያው ልክ ከደከመች የብር ናት ማለት ነው። በየቀኑ እየለካሁ እመዘግባለሁ። ላቦራቶሪው ምድር ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሳልነጋገር እውላለሁ። ብርዱስ ምንም አይደል፣ የደባርቅ ልጅ ነኝ። ብቸኝነቱ ግን ጎዳኝ።

እሑድ እሑድ ለአባቴ እደውላለሁ። ገብስ አምራች ነው። የምሠራውን ሳስረዳው ሳቀና፣ «እኛ እንክርዳዱን በፍሬው እንለያለን፤ አንተ ቁጭ ብለህ ሲሞት ታየዋለህ በለኛ» አለኝ። የመጨረሻ ጨዋታችን ይህ ሆነ። በሚቀጥለው እሑድ እኅቴ አነሳችና ጠበል ሄዷል አለችኝ። በሌላው እሑድ ደግሞ ዳባት፣ የዘመድ ሠርግ ላይ ነው አለች። እኔም የነገውን ልኬት እያሰብኩ፣ ሰላም በይልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

መስመሯ እንደጠበቅነው ደከመች፤ የብር ነበረች። ከፋሲካ በኋላ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ይህንኑ ለአባቴ ልነግረው ቸኩዬ አገር ቤት ገባሁ። ጎንደር አክስቴ ቤት አሳደሩኝ። ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳና ስከፍተው የደባርቅ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ለእኛ አገር ሰው አይነገረውም። ማንም አፉን ሳይከፍት ጮኽኩ።

ለቅሶው ጋብ ሲል በእኅቴ ላይ ተቆጣሁ። ለምን ደበቅሽኝ አልኳት። አባቴ ከአልጋው ሆኖ፣ ትምህርቱን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት ብሎ አደራ እንዳላቸው ነገረችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አደራውን ማፍረስ አልቻልኩም» አለች። «በሁዳዴ ጾም ሠርግ ስልህ ትነቃለህ ብዬ ነበር እኮ።»

አልነቃሁም። ያን ሰሞን ቀን ስቆጥር የነበረው ለብሩ ብቻ ነው።