ሁለት ጊዜ ጠርቶ የተቋረጠ ስልክ

አባቴ ካረፈ አምስት ወር ሆነው። የሞተው መንገድ ላይ ሳይሆን ቤቱ፣ በደም ግፊት ነው። ለቅሶ ሊደርሱ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ወዳለው ግቢያችን የመጡት ሾፌሮች ሁሉ ፍርሃት የማያውቅ ሰው እንደነበር ተናገሩ። አንዱ በዝናብ ወቅት ጭቃ ውስጥ ሦስት ቀን ብቻውን መኪናውን ጠብቆ መቆየቱን አወራ። ሌላው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲለው በማርሽ እንዴት እንዳቆመው በእጁ እያሳየ አስረዳ። እኔ ሻይ እያዞርኩ ሰማኋቸው። ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን አባቴን ሲፈራ አይቼዋለሁ፤ ልጽፍ የፈለግኩትም ስለዚያ ነው።

ከባድ መኪና የነዳው ሃያ ስድስት ዓመት ነው። መጀመሪያ አሰብ፣ ቀጥሎ ጅቡቲ፣ በኋላም ከኬንያ ተነስቶ በኡጋንዳ በኩል ጁባ። ለሀበሻ ጅምላ ነጋዴዎች ዱቄትና ዘይት ያመጣ ነበር። ከእኛ ርቆ መኖሩ ሲሰለቸው እኛንም ወደ ጁባ አመጣን። ያም ሆኖ በወር ቤት የሚያድረው ከስምንት ቀን አይበልጥም። ሲገባ እግሩን ይታጠባል፣ ይሰግዳል፣ ከዚያ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል፤ አልጋ ላይ እንቅልፍ አይወስደውም።

መሪ ይዞ ማውራት አይወድም ነበር። ስለዚህ ደንብ አወጣልን። ኒሙሌ ላይ የኡጋንዳን ድንበር ሲያልፍ ስልኩን አንድ ጊዜ አስጠርቶ ይዘጋዋል። ጁባ ሊገባ ሲል፣ ነሲቱ የምትባለው መንደር ሲደርስ፣ ሁለት ጊዜ ያስጠራል። እኛ አናነሳም። "ካነሳችሁ አንድ ነገር ሆናችሁ ብዬ እደነግጣለሁ" ይለን ነበር። ሁለት ጊዜ ሲጠራ እናቴ ሽሮዋን ትጥዳለች፤ ብዙም ሳይቆይ መኪናው በራችን ላይ ነው። ስልኩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አንድም ቀን ተሳስቼ አላነሳሁም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

በ2006 ታኅሣሥ፣ አንድ እሑድ፣ ኒሙሌ ላይ አንድ ጊዜ አስጠራ። በዚያው ቀን ሲመሽ ጁባ ውስጥ ተኩስ ተጀመረ። ሰኞ ሲነጋ ይቆማል ብለን ነበር፤ ጭራሽ ቀረበ። ከባዱ መሣሪያ በተተኮሰ ቁጥር የቆርቆሮ ግድግዳችን ይንቀጠቀጣል። የሰባት ዓመቱ ወንድሜ አልጋ ሥር ገብቶ ጆሮውን ይዟል። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ስልኩን በሁለት እጄ ጨብጬ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ።

ከአጥራችን ጀርባ የሚነግድ አንድ ያገራችን ሰው ነበር። መጋዘኑ በብሎኬት የተሠራ ነው። ረፋዱ ላይ ጭንቅላቱን በአጥሩ በኩል ብቅ አድርጎ እናቴን ጠራት።

"እህቴ፣ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ቆርቆሮ ጥይት አይመልስም።"

"ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው" አለችው። "መጥቶ ባዶ ቤት ካገኘ እኛን ፍለጋ ይወጣል።"

"እሱ ሰውዬ መጀመሪያ ጎማውን ነው የሚፈልገው። አንቺ ሦስተኛ ነሽ።"

እናቴ በዚያ ሁሉ መሃል ፈገግ አለች። "ሁለተኛ ነኝ" አለችው።

"እሺ፣ ሁለተኛ። ብቻ ነይ።"

ልትሄድ ነበር። የወንድሜን ጫማ ፈልጋ አንዱን እግሩን አጥልቃለታለች። በዚህ ጊዜ ስልኩ ጠራ። አንድ፣ ሁለት፣ ቆመ። ሁላችንም ስልኩን አየን። ትንሽ ቆይቶ እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ቆመ።

"እርግጠኛ እንድንሆን ነው የደገመው" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ነሲቱ ደርሷል" አለች እናቴ። ጫማውን መልሳ አወለቀችለትና ለጎረቤታችን ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "እየመጣ ነው፣ አብረን እንመጣለን" አለችው።

አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ከግቢው ውጭ ሰዎች ሲሮጡ፣ ከዚያ የሚሮጡ ጫማዎች ድምፅ በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል እንሰማለን። ስልኩ እንደገና ጠራ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እናቴ አየችኝ። ሦስት የሚባል ምልክት አልነበረንም። አራተኛው ላይ አነሳሁት፤ መስመሩ ሞቶ ነበር። መልሼ ደወልኩ፤ አይሠራም።

ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። የመኪና ድምፅ አልሰማንም። አባቴ በእግሩ መጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ እሱ ነው ብሎ ያሰበ ማንም የለም። እናቴ ወንድሜን አፉን ይዛ አልጋው ሥር ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ደጋግሞ ተንኳኳ። እናቴ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ቁርኣን ትቀራ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው በሩ ላይ አፉን ለጥፎ በሹክሹክታ፣ "ልጄ፣ ክፈቺ" አለ።

ከፈትኩ። አባቴ ያለ ጫማ ነበር። እግሩ ተልጧል፤ የመኪናው ቁልፍ በእጁ አለ። እኛን ሲያይ ደስ አላለውም። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ለምን እዚህ ናችሁ?" አለ። "ከቤት ውጡ፣ መጋዘኑ ግቡ ልላችሁ አይደል ስደውል የዋልኩት?"

"ሁለት ጊዜ ጠራ" አልኩት። "ነሲቱ ደረስክ ብለን ነው።"

"መስመሩ እየተቆረጠብኝ ነው።" አፉን በእጁ መዳፍ ሸፈነ። "መኪናውን ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ አቁሜ፣ ጫማ እንኳ ሳላጠልቅ ነው የመጣሁት። ወታደሮቹ በዐረብኛ 'አምሺ፣ አምሺ' አሉኝ። ሂድ ማለታቸው ነው፤ ሄድኩ። ባዶ ቤት ነው የማገኘው እያልኩ ነው የመጣሁት፤ ባዶ እንዲሆን ዱዓ እያደረግኩ።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ላነሳው ይገባኝ ነበር አልኩት።

"ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አለ። "ተነሺ፣ ወንድምሽን ያዢ።"

አጥሩን ስንሻገር ክንዴን ይዞኝ ነበር። ተኩስ በተሰማ ቁጥር ጥብቅ ያደርገዋል፤ ፍርሃቱን ሊደብቅም አልሞከረም።

መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ቀን ቆየን። አራተኛው ቀን ከተማው ጸጥ አለ፤ ሰዎች ንብረታቸውን ለማየት መውጣት ጀመሩ። ጎረቤታችን፣ "ከድልድዩ ማዶ የቆሙ መኪኖች እየተዘረፉ ነው አሉ" አለ። አባቴ ቁልፉን አንስቶ እስከ በሩ ሄደ። እጁን መቀርቀሪያው ላይ አሳርፎ ቆመ፤ ውጭ ምንም ድምፅ አልነበረም። ያን ያህል ሲቆም አይቼው አላውቅም። ማንም እንዳያየው ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ ነበር።

"አባዬ" አልኩት፣ ጎረቤታችን እንዲሰማ አድርጌ፣ "በዚህ እግርህ እንዴት ትሄዳለህ? ገና አልዳነም እኮ።"

ዞር ብሎ እግሩን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"እውነትሽን ነው" አለ። "እግሬ ነው።"

ተመልሶ እናቴ አጠገብ ተቀመጠ። በሩን እኔ ቀረቀርኩት።