አሜን ያላልኩበት እሁድ

የአዳራሹ ወለል ቢራ ቢራ ይሸታል። ቅዳሜ ሌሎች ተከራይተው ይጨፍሩበታል፣ እሁድ ጠዋት እኛ እንጸልይበታለን፤ የቱንም ያህል ብንወለውለው ጫማ ይይዛል። ዛሬም በሩን ገና ስከፍት ልመለስ ልመለስ ይለኛል። ቢራው ብቻ እንዳይመስልህ።

የእህቴ ልጅ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ጊንሃይም ሰፈር እኔ ዘንድ እየኖረች፣ ሪድበርግ ባለው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተማረች። እኔ ፊደል በቅጡ ሳልቆጥር ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ከትምህርት ስትመለስ ልብሷ መድኃኒት መድኃኒት ሲሸት ደስ ይለኝ ነበር። ብቻ አንድ ነገር ከአፏ አልጠፋ አለ። "ለእኔ አይሆንም፣ ፈረንጆቹ የራሳቸውን ሰው ነው የሚፈልጉት" ትላለች። ጥሩ ውጤት ስታመጣ እንኳ ተሳስተው ነው ትል ነበር። ይህን ወሬሽን ምግብ ላይ አታምጪብኝ ስላት ሳቀች። "አንቱማ ምን አለብዎት፣ አጎቴ።"

ስትመረቅ አንድ ላቦራቶሪ ለሥራ ጠራት፤ ቴርሚኗ፣ የቃለ መጠይቁ ቀጠሮ፣ ሰኞ ነበር። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለው ሰው እሁድ ፊት ወጥቶ ይናገራል፣ ጉባኤውም ይጸልይለታል። ወጣች። የመስኮቱ ብርሃን ፊቷ ላይ አርፎ ነበር።

"እኔ ምንም አይደለሁም" አለች። "ምንም አልችልም።"

አዳራሹ በአሜን ተናጋ። ትሕትና መስሏቸው። መሪው እንዲህ ያለ ልብ ለሁላችንም ይስጠን አለ፤ ከጎኔ የነበረችው ሴት እንባዋን ጠረገች። እኔ የልጅቷን እጆች ነበር የማየው፤ የቀሚሷን ጫፍ ይዘው ይጠመዝዙታል። አንገሸገሸኝ። ተነሣሁና "ተዉ እንጂ፣ የምሯን እኮ ነው" አልኩ። እንደ ሰካራም አዩኝ፣ መዝሙሩም ተጀመረ።

ሰኞ አልሄደችም። ለምን ስላት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"ሁሉም አሜን አሉ እኮ፣ አጎቴ።"

አሁን ሽማግሌዎች ትንከባከባለች። ሥራው ደግ ሥራ ነው፣ ነገ ለእኔም ያስፈልገኛል። መርጣ ብትገባበት ምን ነበረበት።

ባለፈው እሁድ ሌላ ተማሪ ወጣችና ያንኑ ቃል ተናገረች። ያው አሜን ጎረፈ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ነበረች፣ እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እኔም እሷም አሜን አላልንም። እጄን ያዘችና ቀስ ብላ በፈረንጆቹ ቋንቋ "ናይን" አለች፤ አይደለም ማለቷ ነው።

ከእኔ በቀር የሰማት የለም።