በኮባ ተጠቅልሎ ቡታጅራ የገባው ትራንስፎርመር

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ወልቂጤ

አንድ ያገለገለ ትራንስፎርመር በእርጥብ የኮባ ቅጠል ተጠቅልሎና በቃጫ ገመድ ታስሮ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ገዢው የቡታጅራው ባለወፍጮ ሐጂ ኑረዲን ናቸው። የድሮው ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ወፍጯቸው ቆሟል። አረፋ ዓርብ ነው፤ የሰፈሩን በርበሬ ከበዓሉ በፊት ሊፈጩ ቃል ገብተዋል። ቅጠሉንም ያዘዙት እሳቸው ናቸው፦ "አቧራ እንዳይነካው እንደ ቅቤ ጠቅልላችሁ ላኩልኝ።"

ሊገጥመው የሚሄደው ኤሌክትሪሺያን ሙላቱ ፊቱን አጨፍግጓል። እኔ ረዳቱ ነኝ።

"ቅቤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አለኝ። "ቅቤ ሲበላሽ ቢያንስ ይሸታል።"

ሻጩ ዕቃው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው ብሎታል።

ረፋድ፣ እምድብር

ቆጮ በጎመንና በአይብ በላን። ስንወጣ ሁለት ፍየሎች የፊት እግራቸውን መኪናው ላይ ሰቅለዋል። ቅጠሉን አይበሉም፤ ይልሱታል።

"ምን ነካቸው፣ ጾም ይዘዋል እንዴ?" አለ ሹፌሩ ሸምሱ ድንጋይ እያነሳ።

ሙላቱ እጁን ያዘው። "ተዋቸው። ፍየል እንዲህ የሚልሰው ምንድን ነው?"

"ጨው ነዋ።"

ሙላቱ እዚያው ቆሞ ለሻጩ ደወለ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተልን።

"እውነቱን ልንገርህ፣ የወደብ መጋዘን ነው የነበረው" አለ ሻጩ። "ግን ባሕሩን አላየም። ጀርባውን ሰጥቶ ነው የቆመው።"

ሸምሱ መኪናው ላይ ተደግፎ ሳቀ። ሙላቱ አልሳቀም። መንገዱን ሙሉ ሲያስረዳኝ ዋለ። የባሕር ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣል። ጨው ብረቱን ይበላል፤ ዘይቱ ያፈስሳል፣ ውሃም ይገባበታል። ሽቦ የሚታሰርባቸው የሸክላ ስኒዎች ላይም ይጋገራል። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ዝም ይላል፤ ሲረጥብ ግን ኤሌክትሪክ በላዩ ይሄድና ይፈነዳል። ለዚህ ነው ባሕር ዳርቻ ስኒዎቹን አዘውትረው በንጹህ ውሃ የሚያጥቧቸው፣ ብረቱንም ቀለም ደራርበው የሚቀቡት።

"እኛ ደግሞ" አለ፣ "እርጥብ ቅጠል አለበስነው።"

ከሰዓት በኋላ፣ ቡታጅራ

"አሰላሙ አለይኩም" ብለው ሐጂ ራሳቸው ገመዱን ፈቱ። ስኒዎቹ ላይ ነጭ መስመር ወርዷል። በጣታቸው ነክተው ቀመሱት።

"ጨው ነው" አሉ።

ጎረቤታቸው እትዬ ዘይነባ በርበሬያቸውን በማዳበሪያ ይዘው ወረፋ የያዙት ከሁሉ ቀድመው ነው። "ሐጂ፣ እኔ ጨው ያለው በርበሬ አላዘዝኩም። እንሴኖ ወስጄ አስፈጨዋለሁ።"

"እስከ ሐሙስ ታገሽኝ።" ሐጂ ወደ ሙላቱ ዞሩ። "ዛሬውኑ ብናበራውስ?"

"ሐጂ፣ ዛሬ ካበራነው የሚፈጨው እኔን ነው።"

ሙላቱ ከትራንስፎርመሩ የዘይት ታንክ ሥር ትንሽ ዘይት ቀድቶ በጋለ መጥበሻ ላይ ጠብ አደረገ። ውሃ ካለበት ይንጣጣል። ሁላችንም ጆሯችንን አዘነበልን። ድምፅ የለም። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ሙላቱ ግን የወፍጮውን ዱቄት አስመጥቶ የታንኩ ዝገት ላይ ነሰነሰ። ዱቄቱ አንድ ቦታ ላይ ጠቆረ፤ ብረቱ ዘይት እያላበው ነው።

"ዱቄትም አስበላኸው" አሉ እትዬ ዘይነባ። "ጨው አለው፣ ዘይት አለው። የቀረው መጋገር ነው።"

ረቡዕ

ሙላቱ ዘይቱን ከቀዳዳው በታች እስኪወርድ ቀድቶ ቀዳዳውን በሚደነድን ማጣበቂያ ደፈነ። ስኒዎቹን ሐጂ አጠቡ፤ ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈቀዱም። ፀሐዩ ደህና ስለነበር ቶሎ ደረቁ። ማታ ዘይቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዱቄቱም እንደገና ተነሰነሰ።

ሐሙስ

ጠዋት ዱቄቱ እንደነጣ ነው። የመብራት ሠራተኞች መጥተው ኤሌክትሪክ አለማፍሰሱን በመሣሪያ ለኩ፤ ከዚያ መስመሩን አገናኙት። ከቀትር በኋላ ወፍጮው ተነሳ።

መጀመሪያ የተፈጨው የእትዬ ዘይነባ በርበሬ ነው። በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቀመሱ።

"ጨው የለውም" አሉ፤ ማዳበሪያውን አሸክመው ሄዱ።