በሰጋቱራ የደፈንኩት ስንጥቅ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔም ዲላ ውስጥ በርና መስኮት፣ አልጋና ጠረጴዛ የምሠራ ወጣት አናጺ ነበርኩ። አሁን ጉልበቴ አልቋል፣ ብዙ ነገርም ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ለወንድሜም ሙሉውን ነግሬው አላውቅም።

ሙሴ ኒኮ የሚባሉ ግሪካዊ ቡና ነጋዴ ዲላ ይኖሩ ነበር። የመጋዘናቸውን በሮች የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጠሩኝና አገራቸው ከአባታቸው የወረሷት ባለሸራ ጀልባ እንዳለች፣ ብዙ ዓመት መሬት ላይ ቆማ እንደደረቀች ነገሩኝ። የሚያድሳት የሚያምኑት ሰው ፈልገዋል። «ሦስት ወር ነው» አሉኝ። ባሕር የሚባል በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ እሺ አልኩና አብሬያቸው ግሪክ ሄድኩ።

ጀልባ የሚጠገንበት ግቢ ባሕሩ ዳር ነው። ጀልባዋ በእንጨት ድጋፍ ቆማለች፤ እኔ ከሥሯ በጀርባዬ ተኝቼ አሮጌ ቀለም እፍቃለሁ። ብናኙ ዓይኔም አፌም ውስጥ ይገባል። አንዱን ጎን ጨረስኩ ስል ሌላው ይጠብቀኛል። ማታ እንጀራ አምሮኝ ሳይሆን ደክሞኝ ዳቦውን ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ቀጥሎ ዋናው ሥራ መጣ። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለውን ክፍተት የተገመደ ጥጥ እያስገቡ በመሮና በመዶሻ መጠቅጠቅ ነው፤ በላዩ ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም። ያስተማሩኝ የግቢው ሽማግሌ ናቸው። ቋንቋ ስለማንግባባ በእጅ ነበር የምናወራው። ጥጡን ሦስት ጊዜ ደጋግመህ ምታ ለማለት ሦስት ጣት ያሳዩኛል።

ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ከታናሽ ወንድሜ ደብዳቤ መጣ። አባታችን ኢዲዶ፣ የተወለድንበት መንደር፣ ታሞ ተኝቷል። «አባባ የበኩር ልጄን ራስ ዳስሼ ሳልመርቅ አልሞትም ይላል፤ ቶሎ ና» ይላል ደብዳቤው። በእኛ ዘንድ የአባት ምርቃት ከሚያወርሰው መሬት ይበልጣል። ለሙሴ ኒኮ አነበብኩላቸው። «ጀልባዋ ውሃ ላይ በደንብ ከቆመች፣ በመጀመሪያው አውሮፕላን ትሄዳለህ» አሉኝ። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ የሁለት ሰው ሥራ ሠራሁ። ጀልባዋ ልትወርድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ክንድ የምታህል ክፍተት ብቻ ቀረችኝ። ከታች፣ መዶሻ ለማወናጨፍ የማይመች ጥግ ላይ ነች። ክንዴ እምቢ አለኝ። ተቀምጬ ሳያት ያንን ሦስት ጊዜ መምታት ማሰቡ ራሱ ደከመኝ።

ያኔ የዲላ አናጺነቴ መጣብኝ። የበር ስንጥቅ እንዴት እንደሚደበቅ የእኛ ሰፈር አናጺ ሁሉ ያውቃል። ሰጋቱራ በኮላ ይለወሳል፣ ይጠቀጠቃል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ቀለም ይቀባል። ባለቤቱም ፈልጎ አያገኘውም። እንደዚያው አደረግሁ። በር ባሕር ውስጥ እንደማይገባ ትዝ ያለኝ ቀለሙን ከቀባሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጀልባዋ ወረደች። ውሃ ከየክፍተቱ ሲገባ እኔ ክው አልኩ፤ ሽማግሌው ግን ሳቁ። የደረቀ እንጨት መጀመሪያ ውሃ ይጠጣል፣ ሲያብጥ ራሱ ይገጥማል ብለው በሙሴ ኒኮ አስተረጎሙልኝ። የተሰነጠቀ ገበቴ ውሃ ውስጥ ሲነከር እንደሚገጥመው መሆኑ ነው። በባልዲ እየቀዳን ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ገጠመ፣ ከአንዷ በቀር። ሽማግሌው እሷም ትገጥማለች ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። የማትገጥመው ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሙሴ ኒኮ ቲኬቴን ሰጡኝ። አውሮፕላኑ በማግስቱ ነው። እሳቸው ደግሞ እሁድ አሮጊት እናታቸውን ጭነው፣ እናትየው ወደተወለዱባት ደሴት ሊሄዱ ነው።

ሻንጣዬን ሳስር እናትየው መጡ። አባቴ መታመሙን ሰምተው የሱፍ ሹራብ ሠርተውለታል። ሹራቡን እጄ ላይ አስቀምጠው፣ ልጃቸው ያስተማሯቸውን አንድ የአማርኛ ቃል አሉኝ፤ «አባት»። ሻንጣዬን ትቼ ተነሣሁ። ከዚያ ሙሴ ኒኮ ጋ ሄድኩ።

«ሙሴ፣ ያቺ ስንጥቅ አትገጥምም። ጥጥ የላትም፣ ሰጋቱራ ነው» አልኳቸው።

«ሽማግሌው ያውቃሉ?» አሉኝ።

«አያውቁም።»

«እንግዲህ ሠርተህ ትሄዳለህ» አሉኝ። አልተቆጡም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር።

ጀልባዋ እንደገና ወጣች። እንጨቱ ካልደረቀ ስቱኮው አይዝም፤ አሥራ ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሥራው ራሱ ግማሽ ቀን አልፈጀም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ።

ዲላ ከአውቶብስ ስወርድ ወንድሜ ጥቁር ለብሶ ቆሟል። አባባ ከተቀበረ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። «የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር መጣ እንዴ ይለኝ ነበር» አለኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ለምን እንደዘገየሁ ጠየቀኝ። «ጀልባዋ ውሃ አስገብታ» አልኩት። አመነኝ፣ ዳግመኛም አልጠየቀኝም።

ወንድሜ ዛሬም በሕይወት አለ። ዓይኑ ስለደከመ የልጅ ልጁ ታነብለታለች፤ ይህንንም ታነብለት ይሆናል። ያን ጊዜ ለሙሴ ኒኮ በመናገሬ አልጸጸትም። እናትየው ደሴታቸውን አይተው በሰላም ተመልሰዋል። የሚቆጨኝ ያቺ አንዲት ከሰዓት በኋላ ናት። አባባን ያስጠበቅሁት ጀልባዋ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር ወንድሜ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።