በሃንክ ጀልባ ላይ የፈሰሰው ጸበል

በስደት የምኖርባት ዋይትሆል ከተማ ውስጥ ባሕር የለም። ጎረቤቴ ሃንክ ግን ጓሮው ውስጥ ጀልባ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በከተማዋ የመርከብ ቦይ ላይ የጭነት ጀልባዎችን ስትጎትት የነበረች፣ ከላይ እስከ ታች ብረት የሆነች አሮጊት ናት። ሽማግሌው ሃንክ ውሃ ላይ ሳላያት አልሞትም ብሎ ምሏል። እኔም ብየዳ ስለምችል ቅዳሜ ቅዳሜ አግዘዋለሁ። ዝገት ስለሚፈራ ግን እስከዚያው ጠብታ ውሃ አያስነካትም።

ሰኞ ክሬን መጥቶ ቦዩ ላይ ሊያወርዳት ሆነ። እኛ ሐበሾች ደግሞ መኪና እንኳ ስንገዛ ጸበል ሳናስረጭ አንነዳም። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ሃንክን ሳላስፈቅድ የቤተ ክርስቲያናችንን ቄስ፣ አባን፣ ይዤ መጣሁ። ሃንክ ከጀልባዋ ሥር ተጋድሞ ቀለም ይቀባል።

አባ እጃቸው ለጋስ ነው። ጸሎታቸውን እንዳደረሱ አንድ ጀሪካን ጸበል የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ገለበጡት።

ከሥር ጩኸት ተሰማ። ሃንክ ፊቱ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣና መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ የአባን ጥምጥም፣ በመጨረሻም ጀሪካኑን አየ።

"ብለሲንግ ነው፤ ለመኪናም እናደርጋለን" አልኩት በእንግሊዝኛ፣ የምገባበት ጠፍቶኝ።

"ምነው ልጄ፣ ተቆጣ እንዴ?" አሉኝ አባ።

ሃንክ ጠመኔ ከኪሱ አውጥቶ ተመልሶ ከሥሯ ገባ። ብረቱ ላይ ምልክት ሲያደርግ ይሰማኛል።

"ታፈሳለች!" ብሎ ጮኸ። "ሰኞ ብናወርዳት ኖሮ ሰምጣብን ነበር! በል ቶሎ ጠይቃቸው፣ ሌላ ጀሪካን ይዘዋል?"