አመድማው ቀሚስ

የዳንስ ቡድኑ ልብስ ሰፊ ከመለማመጃ አዳራሹ ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ስትሰፋና ስትፈታ ኖራለች። ትልቅ ትንሹ «እትዬ» ይላታል። እጇ ወርቅ ነው፤ ምላሷም ከመርፌዋ አይተናነስም። ወፍሮ የመጣ ተወዛዋዥ ካየች፣ «ሱሪህን ላስፋው ወይስ አፍህን ልስፋው?» ትለዋለች።

በተከራከረች ቁጥር «ዐይኔን ግንባር ያድርገው» ብላ መማል ልማዷ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ይህች መሐላ ከአፏ ጠፍታለች።

የምታየው ነገር ሁሉ መሐሉ እየጠቆረባት ነበር። ሰው ፊት ለፊቷ ቢቆም ጆሮውንና ትከሻውን ታያለች፤ ፊቱን አታገኘውም። ቀለሙም ይደባለቅባታል። ሐኪሙ ደጋግሞ ከመረመራት በኋላ፣ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት ነው የምንሞክረው» አላት። አብራት ለምትኖረው ታናሽ እህቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ከስፌት ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም። ክሩን በዳበሳ መርፌ ውስጥ ማስገባት ተለማመደች፤ የጨርቅ ቀለም ቆርቆሮዎቹን መደርደሪያው ላይ በተራ አስቀምጣ ቦታቸውን በቃሏ ያዘች።

በዚህ መሐል የቡድኑ አዘጋጅ ስድስት ሥዕሎች አምጥቶ የመለማመጃው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ከእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ዳንስ ሊያወጣ ነው።

«እትዬ፣ ልብሶቹ ቁርጥ የሥዕሎቹን ቀለም እንዲመስሉ እፈልጋለሁ» አላት።

«አንተ ብቻ ዳንሱን አሳምረው» ብላ ሳቀች። 

ለአምስቱ ሥዕሎች ዘዴ አላጣችም። በአጠገቧ ያለፈውን ሁሉ፣ «እስቲ ዐይን ካለህ ይሄን ምን ቀለም ትለዋለህ?» እያለች በቀልድ አስመስላ ታስነግራለች። ስድስተኛው ሥዕል ግን፣ ቤቷ ተቃጥሎ አመዱ ላይ አመድማ ቀሚስ ለብሳ የቆመች ሴት ነው። ቀሚሱን ለመንከር የተነሣች ዕለት ሰው ሁሉ ልምምድ ላይ ነበር፤ ጊዜም አልነበረም። እጇን ሰድዳ አመድማው ነው ብላ ከዳር ሦስተኛውን ቆርቆሮ አነሣች። ጽዳት ሠራተኛዋ ጠዋት መደርደሪያውን ስትወለውል ቆርቆሮዎቹን እንዳቀያየረቻቸው አላወቀችም።

ዝግጅቱ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው ተወዛዋዦቹ ለብሰው ወጡ። የስድስተኛዋ ተራ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ። እትዬ ተደንቀው መስሏት ነበር። ከኋላ አንዱ፣ «እንዴ፣ ይቺ ደግሞ ሰርግ ተጠራች?» ሲል ሳቅ ተሰማ። ቀሚሱ ደም የመሰለ ቀይ ነበር።

አዘጋጁ ደረጃው ሥር ድረስ ተከትሏት ወረደ። «እትዬ፣ ምን ነካሽ?»

«አላይም» አለችው። «ዓመት ሆነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርገኝ ነበር?»

 አዘጋጁ፣ «በቃ ይሄ ይለፍና እንነጋገራለን» ብሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰፊ ተጠራች።

የዝግጅቱ ዕለት እትዬ ከእህቷ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ለእህቷ የነገረቻት በዚያው ጠዋት ነው። እህቷም፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?» ብላ አልቅሳ ነበር። መድረኩ ላይ ለእትዬ የሚታያት የሚንቀሳቀስ ጥላ ብቻ ነው። ሆኖም አምስቱን ልብሶች በኮሽታቸው ለየቻቸው፤ የትኛው እጅጌ እንደሰፋ፣ የትኛው ጠርዝ ወለል እንደሚጠርግ ታውቃለች። ስድስተኛዋ ስትወጣ ግን ምንም አልሰማችም። ጨርቁ የማታውቀው ነው።

«ወጣች እንዴ?» አለች።

«እያለቀ ነው እኮ» አለቻት እህቷ።

ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ እሷ ወንበሯን ጨብጣ እንደተቀመጠች ቀረች።

ሰኞ እህቷ እስከ ደጁ ሸኝታት በሰዓቷ ሥራ ገባች። በሩን ስትከፍት የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ፤ ወንበሯ ላይ ሰው አለ።

«ማንን ፈልገው ነው እናቴ?» አለቻት አዲሷ ሰፊ፣ ከልቧ በትሕትና።

 «መቀስ ረስቼ ነው» አለች እትዬ። ጠረጴዛውን ዳብሳ መቀሷን አገኘችና በጨርቅ ጠቀለለችው። «እንነጋገራለን» ያላትን አዘጋጅ ሳትጠብቅ፣ ግድግዳውን ተደግፋ እስከ በር ደረሰች። ውጭ እህቷ ቆማለች።

«ያዢኝ» አለቻት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።