ለእንግዳ የተቀመጠው ማይክሮስኮፕ

መካነ ሰላም ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ሴልን ያስተማርኩት በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት እንደደገምኩት ነው፤ በቃል። «የዕፅዋት ሴል ግድግዳ አለው፣ የእንስሳ የለውም፤ ባክቴሪያ ኑክሊየስ የለውም» እያልኩ በጠመኔ ክብ ስስል ኖርኩ። ኮሌጅ ሳለን አንዱን ማይክሮስኮፕ ከበን ስንጋፋ፣ እኔ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። አንዴ እንኳ በዓይኔ ሳላይ ጡረታ እንዳልወጣ ነበር ምኞቴ።

ለትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ የመጣ ዕለት አቅፌ ወደ ክፍል ልወስደው ስል ርዕሰ መምህሩ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ያዘኝ። «ምን ነካዎት? ሳይመረቅ?» እንግዳ መጥቶ ሪባን ካልቆረጠ ካርቶኑ አይከፈትም። በእኛ አገር ደህና ነገር ሁሉ ለእንግዳ ነው፤ እናቴም ሸጋውን ብርጭቆ ቆልፋ እኛን በጣሳ ታጠጣን ነበር።

እንግዳው ዛሬ ነገ ሲባል ክረምት አለፈ፣ ሌላም ክረምት መጣ። ካርቶኑ የተቆለፈበት መጋዘን ቆርቆሮው ያፈሳል። አንዲት የቄስ ልጅ ተማሪዬ ባገኘችኝ ቁጥር «መምህር፣ መቼ ነው የምናየው?» ትለኛለች። «አይዞሽ፣ ደርሷል» እላታለሁ። ወላሂ፣ አንጀቴ ያርር ነበር!

በስንት ጉድ እንግዳው መጣ። ድንኳን ተተከለ፣ በግ ታረደ። የቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ አዘጋጅቼ ጎንበስ ልል ስል «ኧረ እንግዳው ይቅደሙ!» ተባልኩ። እንግዳው አየና «ድንቅ ነው!» አለ። ተጨበጨበ። ርዕሰ መምህሩም አየ፤ ድንቅ ነው። ሽማግሌዎቹም አዩ፤ ድንቅ ነው። ልጅቷ ተራዋ ሲደርስ ቀና ብላ «ምንም የለም፤ ጭጋግ ነው» አለች። ሳቁባት።

እኔም አየሁ። ጭጋግ ነው። ሌንሱን ፈትቼ ወደ ብርሃን ስይዘው ሻጋታ ወርሶታል። ወይ ጉድ! ሻጋታም እኮ ሕያው ሴል ነው፣ ግድግዳና ኑክሊየስ ያለው። እኛ እንግዳ ስንጠብቅ እሱ ቤቱን ሠራ።

«ልጅቷ ልክ ናት፤ ሌንሱ ሻግቷል!» አልኩ ጮክ ብዬ። ርዕሰ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እንግዳ ፊት ያዋርዱናል እንዴ?» አለኝ። በጉ ተበላ፤ ማይክሮስኮፑም ተመልሶ ተቆለፈበት።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ሴል ምን እንደሚመስል ብትጠይቁኝ ዓይኔን ጨፍኜ እስልላችኋለሁ። አላየሁትም።